«ውጡ» ሲባል የምታነሱት ቦርሳ፦ ለጎርፍ፣ ለናዳና ለመሬት መንቀጥቀጥ እንዴት ይዘጋጃል?

በ2017 ዓ.ም. ከመስከረም እስከ የካቲት ፈንታሌና ዶፈን ተራሮች አካባቢ መሬቱ ዕረፍት አልነበረውም። ከአዋሽ ፈንታሌ፣ ከዱለቻና ከኦሮሚያው ፈንታሌ ወረዳ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ቤቱን ጥሎ ወጣ። የካቲት 7 ሌሊት የደረሰው መንቀጥቀጥ 6.0 ተለካ። አዲስ አበባም ቢሆን ፎቅ ላይ የሚኖር ሰው አምፖሉ ሲወዛወዝ እያየ ደረጃውን በሩጫ የወረደባቸው ሌሊቶች ነበሩ።

የፈንታሌ ሰው ቢያንስ ምልክት አይቷል፤ ትንንሾቹ መንቀጥቀጦች ትልቁ ሊመጣ እንደሚችል ሲናገሩ ከርመዋል። የጎፋው እንዲህ አልነበረም። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ገዜ ጎፋ ወረዳ ላይ ናዳው ወርዶ ከ200 በላይ ሰው ሲሞት «ልዘጋጅ» ለማለት ጊዜ ያገኘ የለም። ድሬዳዋ ላይ በሐምሌ 1998 ደቻቱ ወንዝ የሞላውም በሌሊት ነው፣ ሰው ተኝቶ ሳለ። ስለዚህ የምትሠሩትን ቦርሳ የከፋውን አስባችሁ ሥሩት፦ ሌሊት ነው፣ መብራት የለም፣ ያላችሁ ሁለት ሦስት ደቂቃ ነው።

ኢንተርኔት ላይ የሚዞሩት ዝርዝሮች አብዛኞቹ ደጁ ላይ መኪና ላቆመ ሰው የተጻፉ ናቸው። ሃምሳ ስልሳ ዕቃ ይቆጥራሉ። እኛ ጋ አብዛኛው ሰው የሚወጣው በእግሩ ነው፤ ልጅ አዝሎ፣ እናቱን ደግፎ። የኔ መለኪያ ስለዚህ አንድ ነው፦ ቦርሳውን አዝላችሁ ግማሽ ሰዓት ዳገት መውጣት ካልቻላችሁ ቦርሳው ገና አልተዘጋጀም። የሚይዘውም ለሦስት ቀን የሚበቃችሁን ነው። ከሦስት ቀን በኋላ ዘመድም፣ ቀይ መስቀልም፣ መንግሥትም የሆነ ነገር ይዞ ይደርሳል ብለን ነው።

1. የምትሸሹትን ነገርና የምትሸሹበትን ቦታ ለዩ

ቦርሳ ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ምሽት ቁጭ በሉና ከቤተሰቡ ጋር ተነጋገሩ። እኛ ሰፈር ምን ሊመጣ ይችላል?

ወንዝ ዳር ከሆናችሁ፣ ቀበና ይሁን አቃቂ ወይም አዋሽ ዳር፣ ጠላታችሁ ደራሽ ጎርፍ ነው። ደራሽ ጎርፍ ሰማዩ ጥርት ብሎም ይመጣል። ዝናቡ የሚጥለው ከላይ ደጋው ላይ፣ ውሃው የሚደርሰው እናንተ ጋ ነው። መውጫችሁ ወደ ከፍታ ነው፤ ወንዙን ተከትሎ የሚሄድ መንገድ መውጫ አይደለም።

ተዳፋት ሥር ወይም ተዳፋት ላይ ከሆናችሁ የሚያሰጋው ናዳ ነው። መሬት ላይ አዲስ ስንጥቅ፣ ያዘመመ ዛፍ ወይም አጥር፣ በድንገት የደፈረሰ ምንጭ፣ መዘጋት እምቢ ያለ በር ካያችሁ ቦርሳውን አንስታችሁ መውጣት የዚያኑ ቀን ነው። የምትሄዱት ወደ ጎን ነው፣ ናዳው ከሚወርድበት መስመር ውጭ።

ስምጥ ሸለቆ ውስጥና ዳር ዳሩን፣ አዲስ አበባንም ጨምሮ፣ መንቀጥቀጥ አለ። አፋር ላይ ደግሞ እሳተ ገሞራ ይታከልበታል። ኅዳር 14 ቀን 2018 የፈነዳው ሃይሊ ጉቢ ከዚያ በፊት ፈንድቶ የተመዘገበበት ጊዜ አልነበረም። አፍዴራ አካባቢ ያሉ መንደሮች አመድ ለብሰው ነበር። እዚያ አካባቢ የሚዘጋጅ ቦርሳ ውስጥ ማስክና ዓይን የሚሸፍን መነጽር ግዴታ ነው።

ከዚያ ሁለት የመገናኛ ቦታ ቁረጡ። አንዱ ደጃፍ አካባቢ፣ ከፎቅና ከመብራት ምሰሶ ራቅ ያለ ሜዳ። ሁለተኛው ሰፈሩ በሙሉ ቢዘጋ የምትገናኙበት፦ ትምህርት ቤት፣ የቤተ ክርስቲያን ወይም የመስጊድ ግቢ፣ የአክስት ቤት። ልጆቹም ስሙን በቃላቸው ይወቁት።

2. ቦርሳው

አዲስ መግዛት አያስፈልግም። ልጁ ያሳለፈው የትምህርት ቤት ቦርሳ፣ ማሰሪያው ካልተበጠሰና ዚፑ ከሠራ፣ ይበቃል። ዋናው በሁለት ትከሻ የሚታዘል መሆኑ ነው፤ ሁለት እጃችሁ ባዶ መሆን አለበት። አንዱ ልጅ ይይዛል፣ አንዱ ባትሪ። ጎማ ያለው ሻንጣ ለአውሮፕላን ማረፊያ ነው፣ ጭቃ ላይ ሁለት ሜትር አይሄድም።

ቦርሳ ውሃ አይገባውም ሲሏችሁ አትመኑ። ውስጡን በወፍራም ላስቲክ አልብሱት። ቀላሉ ዘዴ የስኳር ማዳበሪያ ውስጥ ያለው ላስቲክ ነው፤ ሰፊ ነው፣ አይቀደድም፣ አፉን ጠምዝዛችሁ በሲባጎ ታስሩታላችሁ። የእርሻ ማዳበሪያ የነበረበትን ግን አትጠቀሙ፣ ከምግብ ጋር አይሆንም።

ለአቅመ መሸከም የደረሰ ሰው ሁሉ የየራሱ ቦርሳ ይኑረው። ሁሉንም አባት ላይ መጫን ስህተት ነው። አባት በዚያን ሰዓት ሥራ ቦታ ሊሆን ይችላል።

3. ወረቀት፦ እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ

ብርድ ልብስ ዕርዳታ ይመጣል። ብስኩት ይመጣል። ካርታችሁን ይዞ የሚመጣ ዕርዳታ ግን የለም። ቤቱ የነበረበት ቦታ ላይ «የኔ ነው» ለማለት፣ ልጁን ሌላ ትምህርት ቤት ለማስገባት፣ ባንክ ሄዶ የራስን ብር ለማውጣት ሁሉም ወረቀት ይጠይቃል። ቢሮ ለቢሮ የተመላለሰ ሰው ያውቀዋል።

የሚያስፈልጋችሁን ሰብስቡ፦ የቀበሌ መታወቂያና ፋይዳ፣ ፓስፖርት፣ የልደትና የጋብቻ ሰርተፍኬት፣ የቤት ካርታ ወይም የኪራይ ውል፣ ገጠር ከሆነ የመሬት ይዞታ ደብተር፣ ሊብሬ፣ የትምህርት ማስረጃ፣ የባንክ ደብተር፣ የጤና መድን መታወቂያ፣ የልጆች የክትባት ካርድ።

አሁን ሦስት ነገር አድርጉ። አንደኛ፣ ዋናዎቹን ዚፕ ባለው ላስቲክ ውስጥ ከትታችሁ፣ አየሩን በእጃችሁ ገፍታችሁ አውጥታችሁ፣ በሌላ ላስቲክ ድገሙት። አንድ ላስቲክ ሁልጊዜ የሆነ ቦታ ይቀደዳል። ሁለተኛ፣ ኮፒያቸውን ሌላ ከተማ የሚኖር የምታምኑት ዘመድ ጋ አስቀምጡ። እዚያው ሰፈር ያለ ዘመድ አይሆንም፤ እናንተን የመታው እሱንም ይመታዋል። ሦስተኛ፣ ሁሉንም በስልክ ፎቶ አንስታችሁ ኢሜይላችሁ ላይ ወይም ቴሌግራም ላይ ለራሳችሁ ላኩት። የባንክ የይለፍ ቁጥር ግን የትም አትጻፉ፣ ፎቶም አታንሱ።

ዋናውን ካርታ ቦርሳ ውስጥ ማስቀመጥ ለሌባ ያጋልጣል የሚል ይኖራል። ተገቢ ስጋት ነው። ወረቀቱን ብቻውን አንገት ላይ በሚንጠለጠል ትንሽ ከረጢት አድርጋችሁ ቁም ሳጥን ውስጥ ልትቆልፉበት ትችላላችሁ። ያኔ ግን ቁልፉ የት እንዳለ በጨለማም ማወቅ አለባችሁ፣ የሚያመጣውም ሰው በስም ይለይ።

አንድ ግማሽ ገጽ ወረቀት ደግሞ ጨምሩ፦ የስልክ ቁጥሮች፣ በእጅ የተጻፉ። ዛሬ የሚስቱን ስልክ እንኳ በቃሉ የሚያውቅ ስንት ነው? ስልኩ ከጠፋ ወይም ከዘጋ ሁሉም ይጠፋል። የሰፈሩን የወረዳ ጽሕፈት ቤትና የፖሊስ ጣቢያ ቁጥር ጻፉ። አዲስ አበባ ከሆናችሁ 939 ለእሳትና ድንገተኛ አደጋ፣ 907 ለቀይ መስቀል አምቡላንስ፣ 991 ለፖሊስ ነው። ውጭ አገር ያለ እህት ወይም ወንድም ካላችሁ ቁጥሩን ጻፉ። የአንድ ከተማ ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ሲደዋወል ኔትወርኩ ይጨናነቃል። ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ያለችው እህት ግን ከሁሉም የመጣላትን አጭር መልእክት ሰብስባ «ማሚ ደህና ናት፣ ትምህርት ቤቱ ጋ ናት» ብላ ለሁሉም መልሳ ልትልክ ትችላለች።

4. መድኃኒት

የግፊት፣ የስኳር፣ የሚጥል በሽታ፣ የቲቢ፣ የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ካለ ቢያንስ የአንድ ሳምንቱ ቦርሳ ውስጥ ይሁን። አዲስ ሲመጣ አዲሱን ቦርሳ ውስጥ አስገቡና የነበረውን ተጠቀሙ፤ እንዲህ ከሆነ ጊዜው አያልፍም። የመድኃኒቱን ስምና መጠን ወረቀት ላይ ጻፉ። «ነጩ፣ ትንሹ ክኒን» ብሎ ለማያውቀው ሐኪም ማስረዳት አይቻልም።

ኢንሱሊን ፍሪጅ ይፈልጋል ብለው ብዙዎች ይጨነቃሉ። የተከፈተው ብልቃጥ ከ30 ዲግሪ በታች ከሆነ አራት ሳምንት ገደማ ከፍሪጅ ውጭ ይቆያል፤ ብቻ ፀሐይ አይምታው፣ አይቀዝቅዝ። ስለዚህ ኢንሱሊኑን ፍሪጅ ውስጥ ተዉትና ቦርሳው ላይ «ፍሪጅ!» ብላችሁ በትልቁ ጽፋችሁ ለጥፉ። መርፌዎቹና ስኳር ለሚወርድበት ጊዜ የሚሆን ከረሜላ ግን ቦርሳው ውስጥ ይሁኑ።

አሮጌ መነጽራችሁን አትጣሉ። ቁጥሩ ትንሽ ቢለወጥም ከመደናበር ይሻላል፣ እሱም ቦርሳ ውስጥ ይግባ።

ለቁስል ፋሻ፣ ጎዝ፣ ፕላስተር፣ ጓንት፣ መርፌ ቁልፍና ፓራሲታሞል ይበቃል። ከጎርፍ በኋላ ግን ከቁስል ይልቅ ሰውን የሚጥለው ተቅማጥ ነው። ጥቂት ከረጢት ኦ.አር.ኤስ. ያዙ። ካለቀ ራሳችሁ በጥብጡ፦ አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ፣ በሻይ ማንኪያ ለጥ ያለ 6 ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። ጨው አይብዛ። ከእንባ በላይ ጨው ጨው ካለ አፍሱትና እንደገና ጀምሩ።

5. ውሃ

ሒሳቡ አይመችም። አንድ ሰው ለመጠጥና ለጥቂት ነገር በቀን 3 ሊትር ያህል ይፈልጋል። ለሦስት ቀን 9 ሊትር፣ ማለትም 9 ኪሎ። ይህን አዝሎ ዳገት የሚወጣ ካለ ይሂድ፤ እኛ አንችልም።

ስለዚህ አዋቂ ሰው ከ2 እስከ 3 ሊትር ሃይላንድ ይያዝ፣ የቀረውን ደግሞ ከደረሰበት እንዲያጣራ መሣሪያው አብሮት ይኑር። ፋርማሲ ውስጥ ውሃ አጋር፣ ቢሻን ጋሪና አኳታብ የሚባሉ የውሃ ማከሚያዎች አሉ። ልዩነታቸውን እወቁ። ቢሻን ጋሪ ዱቄት ነው፤ ደለሉን ወደ ታች ያወርዳል፣ ተህዋሱንም ይገድላል፣ ስለዚህ ለደፈረሰ ውሃ ነው። ውሃ አጋርና አኳታብ የሚሠሩት ውሃው ጠራ ሲል ነው። አኳታብ በተለያየ መጠን ስለሚሸጥ አንዱ ክኒን ለስንት ሊትር እንደሆነ ማሸጊያው ላይ አንብቡና መመሪያውን ቆርጣችሁ አብራችሁ አስቀምጡ።

የደፈረሰ ውሃ ሲገጥማችሁ መጀመሪያ አስቀምጡት ይረፍ፣ ከዚያ ንጹሕ ነጠላ አራት ጊዜ አጥፋችሁ አጥልሉት፣ ከዚያ ኬሚካሉን። እሳት ካለ ማፍላት ሁሉንም ይበልጣል። እንደ አዲስ አበባ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ከሆናችሁ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ሦስት ደቂቃ ይቆይ፤ ቆላ ላይ አንድ ደቂቃ ይበቃዋል።

ባዶ የ5 ሊትር ጀሪካን ቦርሳው ላይ ከውጭ እሰሩ። ክብደት የለውም፣ ስትደርሱ ግን ውሃ መቅጃ ያጣ ሰው ብዙ ነው።

6. ስንቅ

እዚህ ላይ አገራችን ከማንም በላይ ታድላለች። ፈረንጅ ለዚህ ብሎ በውድ የሚገዛውን ደረቅ ምግብ እናቶቻችን ለመንገደኛ ሲቋጥሩት ኖረዋል።

የኔ አንደኛ ምርጫ በሶ ነው። እሳት አይፈልግም፣ ቀዝቃዛ ውሃ ይበቃዋል። ጥርስ የሌላቸው አያትም፣ ትንሽ ልጅም ይጠጡታል። የጾመውም ያልጾመውም ይበላዋል። ይህን የሚያህል ነገር አትንቁ፤ ሁዳዴ ላይ ቢሆን ቱና ቆርቆሮ ይዛችሁ ብትወጡ እማማ አይነኩትም። በሶው ላይ ጨው ወይም ስኳር፣ ከፈለጋችሁ ሚጥሚጣ ቀድማችሁ ደባልቁ። በግማሽ ኪሎ በግማሽ ኪሎ ከፋፍላችሁ አሽጉ፤ አንዱ ቢረጥብ ሌላው ይተርፋል። አንድ የፕላስቲክ ኩባያና ማንኪያ አትርሱ። በሶውን ይዞ መበጥበጫ ማጣት ያናድዳል።

ከዚያ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ኦቾሎኒ፣ ቴምር። ኦሮሞ ቤት ያደገ ሰው ጭኮውን አይረሳም፤ ከባድ ቢሆንም ጥቂቱ ቀኑን ሙሉ ይይዛል። ለአንድ አዋቂ አንድ ኪሎ በሶና ግማሽ ኪሎ ቆሎ ሦስቱን ቀን ያቆመዋል። ጥጋብ አይደለም፣ ግን እግር ይንቀሳቀሳል። ለትንንሽ ልጆች ቆሎና ኦቾሎኒ ያንቃቸዋል፣ ለእነሱ ብስኩት ያዙ።

ሩዝ፣ ፓስታ፣ ሽሮ ይቅር። እሳትና ድስት የሚፈልግ ነገር ሁሉ የመጀመሪያው ቀን አይረዳችሁም። ድርቆሽ ጥሩ ነው ግን ቦታ ይፈጃል፣ ታሽቶ ዱቄት ይሆናል። ቦታ ከተረፈ ያዙት።

7. ልብስ

ለአንድ ሰው አንድ ሙሉ ቅያሪ፣ ሁለት ጥንድ ካልሲ፣ አንድ ሹራብ፣ የውስጥ ልብስ። ከዚህ በላይ አትጨምሩ። እነዚህ በራሳቸው ላስቲክ ውስጥ ይታሸጉ።

ጋቢን በተመለከተ ብዙ ሰው ከኔ ጋር አይስማማም። ጋቢ ይሞቃል፣ ግን ጥጥ ነው። ከረጠበ እንደ ድንጋይ ይከብዳል፣ በክረምት ደግሞ ሁለት ቀንም አይደርቅም። ቦርሳ ውስጥ ቀጭን ብርድ ልብስ ያዙ። ጋቢ ካማራችሁ ለብሳችሁት ውጡ፣ ከላዩ የዝናብ ልብስ ደርባችሁ።

የዝናብ ላስቲክ ለየሰው፣ ደግሞም ለቤተሰብ አንድ 2 በ3 ሜትር የሚሆን ሸራ ወይም ወፍራም ላስቲክ፣ ከአሥር ሜትር ገመድ ጋር። ጣሪያ ይሆናል፣ ምንጣፍ ይሆናል፣ ሴቶች ልብስ ሲቀይሩ መጋረጃ ይሆናል።

ጫማ ቦርሳ ውስጥ አይደለም ቦታው፣ አልጋ ሥር ነው፣ የያንዳንዱ ሰው በያንዳንዱ አልጋ ሥር። የተደፈነ ጫማ ይሁን። ከመንቀጥቀጥ በኋላ ወለሉ ላይ የመስኮት ስባሪ አለ፣ ከጎርፍ በኋላ ጭቃው ውስጥ ቆርቆሮና ሚስማር አለ። ሸበጥ አይሆንም።

8. መብራት፣ ስልክ፣ ብር

የስልክ መብራት ባትሪ ይጨርሳል። ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ ካገኛችሁ ግዙ፣ እጅ ያስለቅቃል። ድንጋዩን ለብቻው አስቀምጡ፤ ውስጡ ከቆየ ያልብና መብራቱን ያበላሸዋል።

ፓወር ባንክ ሞልቶ፣ ከገመዱ ጋር። አሮጌ ባለ በተን ስልክ ካላችሁ አስነሱት፤ አንዴ ቻርጅ ከሆነ ቀናት ይቆያል። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ሬዲዮ ኔትወርክ ሲጠፋ ከወሬ ያድናችኋል። ክብሪት ወይም ላይተር በትንሽ ላስቲክ፣ ፊሽካ ደግሞ ቦርሳው ማሰሪያ ላይ። ፊሽካ ሰው ይንቀዋል። ፍርስራሽ ሥር ያለ ሰው ግን ጮኾ ድምፁ ይዘጋል፣ ፊሽካ መንፋት አያደክመውም።

ቴሌብርና የባንክ መተግበሪያ ኔትወርክ ሲጠፋ ምንም ናቸው። ዝርዝር ብር ያዙ፣ ባለ 10 እና ባለ 50 የበዛበት። በዚያ ሰዓት ለባለ 200 መልስ የሚሰጥ ባለሱቅ የለም። ገንዘቡን ሁሉ አንድ ቦታ አታድርጉ።

9. ሴቶች፣ ልጆች፣ አረጋውያን

ሞዴስ፣ ሳሙና፣ ሶፍት፣ የጥርስ ብሩሽ፣ አንድ ትንሽ ፎጣ። ሞዴስ ዕርዳታ ውስጥ ዘግይቶ የሚመጣ ነገር ነው፤ ለአንድ ወር የሚሆን ያዙ፣ ይህን ደግሞ የቤቱ ወንዶችም ይወቁት።

ለሚጠባ ልጅ ማዘያና ዳይፐር። ጡት ማጥባት አይቋረጥ፤ እናት ትጠጣ፣ ትብላ። የዱቄት ወተት የሚወስድ ከሆነ ወተቱ የሚበጠበጥበት ውሃ የታሸገው ሃይላንድ ብቻ ይሁን።

ትንሽ ልጅ ስሙንና የወላጅ ስልክ የያዘ ወረቀት ልብሱ ውስጥ በኩል በመርፌ ቁልፍ ይያዝለት። ከውጭ አይሁን፣ ማንም አንብቦ በስሙ እንዳይጠራው። አንድ የሚወደው መጫወቻም ይግባ፤ ትንሽ ከሆነ ክብደቱ አይቆጠርም፣ ሌሊቱን ግን ያሳጥረዋል።

መራመድ የማይችል አያት ካሉ ዋናው ጥያቄ ቦርሳቸው አይደለም፤ ማን ያወጣቸዋል የሚለው ነው። ሁለት ሰው በስም መድቡ፣ አንዱ ከጎረቤት ይሁን። ከጎረቤት ጋር ቡና ስትጠጡ አንሱት፣ ማንም አይስቅባችሁም።

10. አሁን አሽጉት

ሁሉንም ዕቃ አልጋ ላይ ዘርጉና በዚህ ተራ ክተቱ። ቦርሳው ግርጌ ላይ ልብሱና ብርድ ልብሱ፣ ተጨምቀው። ከዚያ ከበድ ያለው፦ ውሃውና በሶው። እነዚህ ጀርባችሁን ተጠግተው ይቀመጡ። ወደ ውጭ ከወጡ ቦርሳው ወደ ኋላ ይጎትታችኋል፣ ዳገት ላይ ይህ ያስወድቃል። በጎን ክፍተቱ ሳሙናውን፣ ፋሻውን፣ ኩባያውን ጠቅጥቁ። ከላይ የዝናብ ላስቲኩና ሸራው፤ ደጅ ስትወጡ መጀመሪያ የምትፈልጉት እሱ ነው። የላስቲኩን አፍ ጠምዝዙና እሰሩ። የውጭ ኪስ ውስጥ ባትሪ፣ ማስክ፣ መድኃኒት። ወረቀቱ አንገታችሁ ላይ፣ ከልብስ ሥር።

መዝኑት። ሚዛን ከሌለ ሰፈር ሱቅ ወስዳችሁ አስመዝኑ። ውሃ 3 ኪሎ፣ ስንቅ አንድ ተኩል፣ ልብስና ብርድ ልብስ 2፣ ሸራና የዝናብ ልብስ 1፣ መድኃኒትና ንጽሕና 1፣ መብራትና የቀረው ግማሽ፣ ቦርሳው ራሱ 1። ድምሩ 10 ኪሎ ነው። ጤነኛ አዋቂ ይችለዋል። ካለፈ መጀመሪያ ልብስ ቀንሱ፣ ቀጥሎ ምግብ። ከመድኃኒትና ከወረቀት አትቀንሱ። ለልጅ ቦርሳ የራሱን ውሃ፣ ብስኩትና ሹራብ ብቻ አድርጉ።

11. የት ይሰቀል?

ከዋናው በር ጀርባ፣ ጠንካራ ሚስማር ላይ፣ ደረት ከፍታ ላይ። ቁም ሳጥን አናት ላይ ካደረጋችሁት መንቀጥቀጥ ይጥለዋል፣ ወይም በእናንተ ላይ ይጥለዋል። መሬት ላይ ካደረጋችሁት ጎርፉ ቀድሟችሁ ያገኘዋል። ዕቃ ቤት ከከተታችሁት ደግሞ ለማግኘት ሽንኩርቱንና ከሰሉን ማንሳት ሊኖርባችሁ ነው።

ከቦርሳው መበደር ክልክል ነው። መብራት ሲጠፋ ባትሪውን፣ እንግዳ ሲመጣ ቆሎውን አንስቶ «እመልሳለሁ» የሚል ሰው እያንዳንዱ ቤት አለ።

12. ሞክሩት

አንድ ምሽት መብራቱን ሁሉ አጥፉና «ውጡ!» በሉ። ጫማ፣ ቦርሳ፣ በር፣ መገናኛ ቦታ። የት እንደተጋጫችሁ፣ ማን ቁልፍ እንደፈለገ፣ የማን ማሰሪያ እንደረዘመ ያኔ ይታያል። ፎቅ ላይ ከሆናችሁ በደረጃ ውረዱ፣ ሊፍት አትንኩ። ከዚያ ቦርሳውን አዝላችሁ ያን ዳገት ውጡ።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። መሬት እየተንቀጠቀጠ ቦርሳ ለማንሳት አትሩጡ። ጠንካራ ጠረጴዛ ሥር ግቡ፣ ጭንቅላትና አንገት ሸፍኑ፣ የጠረጴዛውን እግር ያዙ። ቦርሳው መንቀጥቀጡ ሲያቆም ነው።

13. ስትወጡ

የጋዙን ሲሊንደር ዝጉ፣ የቆጣሪውን ማብሪያ ማጥፊያ አውርዱ። ይህ በሠላሳ ሰከንድ የማያልቅ ከሆነ ትታችሁ ውጡ። ገጠር ከሆናችሁ ከብቶቹን ፍቱ፣ የበረቱን በር ክፈቱ፤ ነድቶ መሄዱን ተዉት፣ እንስሳው ራሱ ከፍታ ይፈልጋል። ስታልፉ የጎረቤት በር አንኳኩ።

የሚሮጥ ጎርፍ ውስጥ አትግቡ። 15 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ፈጣን ውሃ አዋቂ ሰው ይጥላል። የቤት መኪናም 30 ሴንቲ ሜትር ውሃ ላይ መንሳፈፍ ይጀምራል። ጭቃው ሥር መንገዱ ይኑር ይቆረጥ አታዩም።

የረሳችሁት ዕቃ ካለ ረስታችሁታል። ጎፋ ላይ ከሞቱት ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት የተሰበሰቡ ሰዎች ናቸው፤ ሁለተኛው ናዳ እነሱ ላይ ወረደ። ከመንቀጥቀጥም በኋላ ተከታይ መንቀጥቀጥ አለ። የሚመለከተው አካል «ግቡ» ሳይል ወደ ቤት አይገባም።

14. በዓመት ሁለቴ አድሱት

አንዴ ግንቦት መጨረሻ ላይ፣ ክረምቱ ሳይገባ። አንዴ መስከረም ላይ፣ ቤት ሲጸዳ። በሶውን ቅመሱት፤ ከመረረ ወይም ከሸተተ ለውጡት፣ ካልሆነም ጠጡትና አዲስ አስገቡ። የሃይላንዱን ቀን እዩ። የውሃ አጋሩና የመድኃኒቶቹም ቀን ይታይ። ፓወር ባንኩን ሙሉ። የልጆቹን ልብስ ለኩ፣ በስድስት ወር ውስጥ ሱሪው ቁምጣ ሆኖ ይሆናል። የስልክ ቁጥሩን ወረቀት አንብቡ፣ የቀየረ ሰው ካለ አርሙ።

ቦርሳውን አንዴ ተጠቅማችሁበት ከተመለሳችሁ ሁሉንም አውጥታችሁ ፀሐይ ላይ አስጡት፤ ርጥብ ላስቲክ ውስጥ የቆየ ነገር ይሻግታል። የጎደለውን በወረቀት ጻፉና በዚያው ሳምንት ሙሉት።